የተሰነጠቀው ሸንተረር፦ በምርጫ ሰሞን ከሶዶ ወደ ኦሞ አፋፍ

መነሻ

ከሶዶ የተነሳሁት የበልጉ ዝናብ በበረታበት፣ ምርጫውም በተቃረበበት ሰሞን ነው። የወሰደኝ ጉዳይ ግን ከምርጫው ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለን የጂኦግራፊ መምህራን፣ ተማሪዎቻችን የሩቅ አገር ወንዞችን እየሸመደዱ ከደጃቸው ያለውን ሸለቆ እንደማያውቁ አይተን፣ ስለ ዞናችን ወረዳዎች አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ለማዘጋጀት ተስማምተን ነበር። ለእያንዳንዱ ወረዳ ሦስት ምዕራፍ ተመደበ፦ መሬቱ፣ ሕዝቡ፣ አስተዳደሩ። ሁምቦን ደረቁን ቆላ የለመደ ባልደረባችን ወሰደው። ዳሞት ጋሌን ቦዲቲ ተወልዳ ያደገችው መምህርት ወሰደች። ለእኔ የቀረልኝ ከሶዶ በስተምዕራብ ወደ ኦሞ የሚያዘቀዝቅ፣ ማንም ያልፈለገው ወረዳ ነበር። ስሙን እዚህ የማልጽፈው ረስቼው አይደለም፤ የማነሳቸው ሰዎች ዛሬም እዚያው ስለሚኖሩ ነው። የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ።

ባለቤቴ አስፋው ጉዞውን አልወደደውም። እሱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በየጊዜው ግምገማ ላይ ይቀመጣል፤ ሰው በምን ቃል እንደሚያዝ ያውቃል።

«ስለ ምድሩ ጻፊ፣ ስለ ሕዝቡም ጻፊ» አለኝ ሻንጣዬን እየዘጋሁ ሳለ። «ስለ አስተዳደሩ ግን እነሱ የሚሰጡሽን ገልብጠሽ ነይ። ጥያቄ አትጠይቂ።»

«የመማሪያ ጽሑፍ እኮ ነው፣ አስፋው።»

«እነሱ ያንን በምን ያውቃሉ?»

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ፤ ገና ከቤቴ ሳልወጣ።

በአይሱዙ ጋቢና

በዝናብ ወራት ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ የለም። ከመናኸሪያው ጀርባ ጨውና ሳሙና የጫነ አይሱዙ አገኘሁ። ለጋቢናው ከጭነቱ ላይ ከሚቀመጡት እጥፍ አስከፈሉኝና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ ከኋላችን ቀረ። አስፋልቱ እንዳለቀ ቀይ አፈር ጀመረ። በግራም በቀኝም በቆሎ፣ እንሰት፣ ቡና፣ እንደገና እንሰት። ጎጆ ከጎጆ ጋር ተጠጋግቶ፣ አንዱ አጥር ለሌላው አጥር ሆኖ፣ ሰው ያልሰፈረበት መሬት አይን ፈልጎ አያገኝም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የጋራ ጀርባ ላይ ወጣ። በሁለቱም ወገን ገደል ነው። ሹፌሩ እጁን ሰዶ ሬዲዮኑን ዘጋ።

«ዜማው ደስ አላለዎትም?» አልኩት።

«እዚህ ቦታ ላይ የምሰማው ጎማዬን ነው» አለኝ።

አንድ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ወደ ላይ መግፋቱን ትቶ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወረወረ፤ ድንጋዩ በጭቃው ላይ ተንሸራቶ ገደሉ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ያዘ። ከጭነቱ ላይ የነበሩት ሰዎች አንድም ቃል ሳይናገሩ ወርደው ትከሻቸውን ሰጡ። እኔ የበሩን እጀታ እንደጨበጥኩ፣ መውረድ ይሻል መቀመጥ ይሻል ሳልወስን መኪናው ተነሳ። እጀታውን ከለቀቅኩ በኋላም ጣቶቼ ለረጅም ጊዜ አልተዘረጉም።

ወረዳው መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። መሣሪያ የያዙ ሚሊሻዎች የተሳፋሪውን ዕቃ ይፈትሹ ነበር። ወረቀት ነው የሚፈልጉት፤ የተቃዋሚ በራሪ ወረቀት። የእኔ ሻንጣ ሲከፈት የወጣው ካርታ ነው። አንደኛው ሚሊሻ ዘርግቶ ተመለከተው፣ አዙሮም ተመለከተው።

«ይሄ የማን መሬት ነው?» አለኝ በአማርኛ።

«የእናንተው ነው። ይኸውና ወንዙ፣ ይኸውና ጋራው።»

«የእኛን መሬት አንቺ ለምን ያዝሽ?»

ሹፌሩ ጣልቃ ገብቶ በወላይትኛ አስተማሪ መሆኔን፣ የራሱን የወንድም ልጅ እንዳስተማርኩ ነገረው። የወንድሙን ልጅ አላውቀውም። ሚሊሻው ካርታውን አጣጥፎ መለሰልኝ፤ ስሜን ግን ደጋግሞ እንድነግረው አደረገ።

የወረዳው ከተማ

ከተማዋ አንድ መንገድ ናት፤ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ሱቆች፣ ጫፏ ላይ ጽሕፈት ቤቶች። በየግድግዳው የገዢው ድርጅት ምልክት ተለጥፏል። ሽሮ የበላሁበት ሆቴል ስገባ ይጫወቱ የነበሩት ሰዎች ዝም አሉ። ጨርሼ እስክወጣ የሰማሁት ድምፅ የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። ደጁን ስሻገር ከኋላዬ ወሬው እንደገና ሲጀምር ሰማሁ።

ያነጋገረኝ ኃላፊ ትሁት ወጣት ነው፤ ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ። ስለ መሬቱ ደስ ብሎት አወራልኝ። ላይኛው ወይና ደጋ ነው፣ ታችኛው ቆላ፣ መጨረሻው ኦሞ፣ ከኦሞ ማዶ ዳውሮ። ስለ ሕዝቡም አልሰሰተም። ቤተሰቡ ብዙ፣ ማሳው እንደ መቀነት ቀጭን፤ ወጣቱ ጫማ ለመጥረግም ለቀን ሥራም አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ለመስቀል ይመለሳል።

«ሦስተኛው ምዕራፍሽ ምንድነው?» አለኝ።

«አስተዳደሩ። ሕዝቡ እንዴት እንደሚተዳደር።»

ፈገግታው አልጠፋም፤ እስክሪብቶውን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «እሱን እዚሁ ልንገርሽ። ለዚህ ቀበሌ መውረድ አያስፈልግም። ሕዝቡ ከድርጅቱ ጎን ተሰልፏል። ችግር የለም። ጻፊው።»

ጻፍኩ። «ችግር የለም» የሚለውንም ጨምሬ ጻፍኩ።

መሬቱን ለማየት ወደ አንድ ቀበሌ ለመውረድ ፈቀደልኝ። ጴጥሮስ የሚባል የልማት ሠራተኛ አብሮኝ እንዲሄድ አዘዘ። ጴጥሮስ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቀበሌዋን ያውቃታል፣ ገበሬውን ስለ ማዳበሪያና ስለ እርከን የሚያስተምረው እሱ ነው። ከቢሮው ስንወጣ በቀጥታ ነገረኝ።

«መምህርት፣ እንዳይቀየሙኝ። በየማታው ስልክ ደውዬ ከማን ጋር እንደተነጋገሩ ማሳወቅ አለብኝ።»

«ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» አልኩት። በእውነትም አመሰገንኩት፤ ሳይነግረኝ ማድረግ ይችል ነበርና።

ቁልቁል ወደ ሎሞ ዙማ

ወደ ቀበሌዋ መኪና አይገባም። ቀበሌዋን ሎሞ ዙማ እላታለሁ። ሸንተረሩ ጫፍ ላይ ለጥ ያለ የጋራ ግጦሽ አለ፤ ዳሩ ላይ የቆርቆሮ ጸሎት ቤት ቆሟል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ይሰበርና ቁልቁል ይወርዳል። ቤቶቹ ያሉት ቁልቁለቱ ላይ ነው። አንዱ ቤት ከሌላው ቤት ጣሪያ በላይ፤ በየመሀሉ እንሰት፣ ቡና፣ ቦይና የሚሉት የጎደሬ ዘር። ከሥር፣ በጣም ከሥር፣ ኦሞ እንደ ተጣለ ገመድ ተጋድሟል።

ያሳደሩኝ አዬ ባሎቴ ናቸው። «አዬ» በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ሄደዋል፣ በጸሎት ቤቱ ሴቶችን የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። የተቀቀለ ቦይና በዳጣ በርበሬ አቀረቡልን። እየበላን የጂኦግራፊ መምህር የምትጠይቀውን ጠየቅኳቸው።

«አዬ፣ ታች ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። ለምን አልወረዳችሁም?»

«ባሌ ወርዶ ነበር፣ ሚቼ። በሬዎቹን የገንዲ በሽታ ጨረሳቸው፤ እሱን ወባ ይዞት በቃሬዛ መጣ። ላይ መሬት የለም፤ ታች ጤና የለም። መሀሉ ላይ ተሰቀልን።»

ሚቼ ማለት እህቴ ማለት ነው። ይህን ቃላቸውን ለሁለተኛው ምዕራፍ ያዝኩት፤ ከቢሮው የተሰጠኝ ሁሉ ይህን ያህል አልገለጸልኝም።

ለመተኛት ስንዘጋጅ የቤቱን በር ልዘጋ ሞከርኩ። አልገጠመም። ላይኛው ጥግ ጉበኑን ይነካል፣ ታችኛው ጥግ ክፍት ነው።

«ተይው» አሉኝ። «ከሰሞኑ ወዲህ እንዲህ ሆኗል።»

ጴጥሮስ በሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያም መሬት መሬቱን አየ።

ስንጥቁ

በማግስቱ ጠዋት ከጓሮ ወጣሁ። ከእንሰቱ ጀርባ ደረቅ የእንሰት ቅጠል በረድፍ ተነጥፏል፤ ለከብት የተዘጋጀ መኖ መሰለኝ። ስረግጠው እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ከሥሩ ምንም አልነበረም፤ ባዶ ነው። ቀዝቃዛ አየር እግሬን ነካኝ።

«ከዚያ ላይ ተነሽ፣ ሚቼ። ቀስ ብለሽ» አሉ አዬ ባሎቴ ከበሩ ሆነው። ድምፃቸው እንቁላል እንደያዘ ሰው ድምፅ ነበር።

ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ስንጥቁ ከእሳቸው ጓሮ ተነስቶ በሸንተረሩ አፍ ላይ እንደ ቅስት ዞሮ ከጎረቤት ማሳ ውስጥ ይገባል። ከስንጥቁ በታች ያለው ምድር ዝቅ ብሏል፤ የቡናው ዛፎች ወደ ኋላ ዘመም ብለዋል። ከታች ስላለው ምንጭ ጠየቅኩ፤ በልጉ ከገባ ወዲህ የሚፈልቀው ውኃ ደፍርሷል። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ በጠመኔ ስዬ አስተምሬዋለሁ። ቁልቁለቱ ከጋራው እየተለየ ነበር። የቆምኩትም፣ የተኛሁትም በሚሄደው ወገን ላይ ነው።

«ማን ሸፈነው?» አልኩ።

«ቀበሌው አፈር ሙሉበት አለን። አፈሩን ዋጠው። ከዚያ በቅጠል ሸፈንነው፤ እንግዳ እንዳያይ። ምርጫው እስኪያልፍ አሉ።»

ቀስ በቀስ ነገሩን ነገሩኝ። መጀመሪያ የተናገረው ባሳ የሚባል የባላቸው ታናሽ ወንድም ነው። በስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ መሬቱ ሊሄድ ነው፣ ላይ የጋራ ግጦሹ ላይ እንስፈር አለ። ግጦሹ ግን ለእርሻ ሰርቶ ማሳያ ተይዟል፤ ከበላይ እንግዶች መጥተው ይጎበኙታል ተብሏል። ባሳ «ሕዝብ አሸበርክ» ተባለ። ከተቃዋሚ ጋር ስሙ ተነሳ፤ ተቃዋሚ ምን እንደሚመስል አይቶ የማያውቅ ሰው። ታሰረ። ሲፈታ በሰላም ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ስለ መሬቱ አይናገርም።

ላየው ሄድኩ። ቤቱ ከአዬ ባሎቴ ቤት ዝቅ ብሎ ነው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይፈትላል፤ ሚስቱ በቆሎ ትፈለፍላለች። ስለ መሬቱ ስጠይቀው ዓይኑ የሄደው ከኋላዬ ወደ ቆመው ወደ ጴጥሮስ ነበር።

«ደህና ነው» አለ። «ሁሉም ደህና ነው።» ከዚያ ወደ ገመዱ ተመለሰ።

ሊቀመንበሩ

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሴታ ወፍራም ድምፅ ያላቸው፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የሚኖሩትም እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። ቡና በጨው አቀረቡልኝ። ስለ ስንጥቁ ሳነሳ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ማን አሳየሽ?»

«እግሬ ገባበት።»

«ያንን ካርታ ስጪኝ እስቲ።»

ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ አልመለሱልኝም።

«አቶ ሴታ» አልኩ፤ «ዝናቡ ከቀጠለ ይሄ መሬት ይሄዳል። እርስዎም የሚያድሩት እዚሁ ነው። ልጆችዎም።»

ውጭ ልጆቻቸው ይጫወቱ ነበር፤ ይሰማል።

«የማላውቀው መሰለሽ?» አሉኝ በመጨረሻ። «ወደ ላይ አሳውቄያለሁ። ምርጫው ይለፍ ተባልኩ። ቤተሰቤን ባወጣ፣ ሊቀመንበሩ ራሱ ሸሸ ይባላል፤ ሕዝቡ ሁሉ ይከተላል፤ ከዚያ ሕዝብ በማሸበር የምጠየቀው እኔ ነኝ። መምህርት፣ አንቺ ነገ ትሄጃለሽ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

ከቤታቸው ስንወጣ ሰማዩ ከዳውሮ በኩል ጠቁሯል። ነጎድጓድ ሳይኖር ዝናቡ ጀመረ፤ ወፍራም፣ ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል ዝናብ።

ጸሎት

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ነጋ። ጠዋት የአዬ ባሎቴ በር ጭራሹን አልንቀሳቀስ አለ፤ የወጣነው በትከሻችን ገፍተን ነው። ስንጥቁ ቅጠሉን ውጦታል።

እኔ መሄድ እችል ነበር። ሻንጣዬን አንስቼ ሽቅብ ብወጣ የሚከለክለኝ አልነበረም፤ አስቤዋለሁ፤ ሻንጣውንም አንስቼ ነበር። አዬ ባሎቴ አዩኝና ነጠላቸውን አጣፍተው ጴጥሮስን ጠሩት።

«ያለ ፈቃድ ስብሰባ ክልክል ነው አይደል?»

«አዎ፣ አዬ።»

«ጸሎትስ?»

ጴጥሮስ አሰበ። «ጸሎት አልተከለከለም።»

«እንግዲያው ጸሎት ይዘናል። ጾም ጸሎት። ሰው ሁሉ ልጁን ይዞ ወደ ላይ ይውጣ። ከብቱንም።»

ጴጥሮስ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሊደውል መስሎኝ ነበር፤ ኔትወርክ ያለበት የጋራው ጫፍ ግን ላይ ነው። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ መልሶ ከተተው።

«እኔ የታችኛውን ሰፈር እጠራለሁ» አለ።

በዝናብ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት ዞርን። የምንለው አንድ ነው፦ ጸሎት አለ፣ ላይ ነው፣ አሁን ነው። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። ሴቶቹ ሕፃናቱን አዝለው፣ ወንዶቹ ላም እየጎተቱ፣ ይህን ቀን ሲጠብቁ እንደኖሩ ሰዎች ወጡ። ምን ያህል ሲፈሩ እንደኖሩ ያወቅኩት ከፍጥነታቸው ነው።

የባሳ ሚስት ልጆቿን ይዛ ወጣች። ባሳ ግን ከደጃፉ አልተነሳም። ጴጥሮስና እኔ ለመንነው።

«ጋሼ ባሳ፣ መጀመሪያ ያየኸው አንተ ነህ እኮ» አልኩት።

«አየሁ። ተናገርኩ። ያለ ፈቃድ በመናገሬ የሆንኩትን ሆንኩ። ያለ ፈቃድ ደግሞ አልነሳም። ሊቀመንበሩ ራሱ ይጥራኝ።»

እጁን ያዝኩት። ቀስ አድርጎ አስለቀቀኝ፤ አልተቆጣኝም። ወደ ጸሎት ቤቱ ስንወጣ ጭቃው ከእግሬ በታች እንደ ሊጥ ይተነፍስ ነበር።

ጸሎት ቤቱ ሞላ። ከብቱ ደጅ ተሰብስቧል። መዝሙር ጀምረን ሳለ በሩ ተከፈተና አቶ ሴታ ገቡ፤ ከኋላቸው መሣሪያ የያዘ ሚሊሻ። መዝሙሩ ተቋረጠ። ከቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ በቀር የሚሰማ የለም።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጸሎት ነው» አሉ አዬ ባሎቴ።

«ከብት ይዞ ጸሎት?»

«እነሱም ዝናቡን ፈርተዋል።»

አቶ ሴታ በአግዳሚዎቹ ላይ ያለውን ሰው በዓይናቸው ዞሩ። እኔን ሲያዩኝ ዓይኔን ሰበርኩ። እስር ቤት፣ አስፋው፣ ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። አቶ ሴታ ግን ወደ ሚሊሻው ዞሩ።

«ሂድ፣ ባለቤቴንና ልጆቼን አምጣልኝ። በሩጫ።»

ሚሊሻው ወጣ። ሰው ሁሉ በአንድነት ተነፈሰ። ያን ጊዜ የባሳ ሚስት ከሴቶቹ መሀል ተነሳች።

«ባሳ ቤት ነው። አንተ ካልጠራኸው አይወጣም።»

አቶ ሴታ ኮታቸውን አወለቁ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጡ፣ በሸሚዛቸው ብቻ ወጡ።

ሊቀመንበሩን በዓይናችን ለመከተል ደጅ ወጣን። ቤተሰባቸው በሚሊሻው እየተመራ ሽቅብ ሲመጣ፣ እሳቸው በአጠገባቸው አልፈው ቁልቁል ወረዱ። የሚስታቸውን ትከሻ በእጃቸው ነካ አድርገው አለፉ። ከባሳ ደጃፍ ሲደርሱ ባሳ ተነሳ። የተባባሉት አይሰማም። አቶ ሴታ እጃቸውን ዘረጉ፣ ባሳም ያዘው። ሁለቱ መውጣት ጀመሩ።

ድምፁ እንደ ነጎድጓድ አልነበረም። ከታች ነው የመጣው፤ ከእግሬ በኩል። በመጀመሪያ እንሰቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ጎንበስ አሉ። ከዚያ እንደቆሙ ሄዱ፤ ተክሉ፣ አጥሩ፣ ቡናው፣ እንደቆመ ቁልቁል ሄደ። የአዬ ባሎቴ ጣሪያ ዞር አለና ተቀመጠ። ቀጥሎ የነበረው ሁሉ ቀይ ጭቃ ሆነ። ሁለቱ ሰዎች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ስንጥቁ ጋ ደርሰው ነበር። የባሳ እጅ አመለጠ።

ከናዳው በኋላ

አቶ ሴታን ከጭቃው ዳር አወጣናቸው፤ አንድ እግራቸው ተሰብሯል። ባሳ የተገኘው በማግስቱ ነው። ከእሱ በቀር ከሰው የጠፋ አልነበረም። ይህን ስጽፍ እንኳ «ከእሱ በቀር» የሚለው ቃል እጄን ይይዘዋል።

በቀብሩ ላይ ከወረዳው ኃላፊዎች መጡ። ያ ወንበር የጠረገልኝ ወጣትም ነበረ። የሐዘን ቃል በአማርኛ አሰማ፤ ነዋሪው በአመራሩ ብርታት አስቀድሞ መነሳቱን፣ ሟቹ ግን የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ባለመስማቱ ሕይወቱ ማለፉን ተናገረ። የባሳ ሚስት አማርኛ አትሰማም፤ አንገቷን ደፍታ ራሷን ትነቀንቅ ነበር። እኔ እሰማለሁ። ዝም አልኩ።

አቶ ሴታ ቃሬዛ ላይ ተኝተው ነበር። በክርናቸው ቀና አሉና በወላይትኛ፣ ሁሉም በሚሰማው ቋንቋ ተናገሩ።

«ያስጠነቀቀን እሱ ነው። እኛ አሰርነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከሰዉ መሀል የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ወጣቱ ኃላፊ ግራ ቀኝ አየ፤ «ይህ የሐዘን ቦታ ነው» ብሎ ወደ ኋላ ተመለሰ። የባሳ ሚስት ግን አንገቷን ቀና አደረገች፤ ወደ ቃሬዛው ሄዳ በአቶ ሴታ እግር በኩል ተቀመጠች። ይቅር አለቻቸው ማለቴ አይደለም። ሰዉ ሲበተን ሁለቱ አብረው ነበሩ፤ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

መመለስ

ከመነሳቴ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተጠራሁ። እንደ በፊቱ ወንበር ተጠረገልኝ። ስለ አደጋው የሚጻፈው በሚመለከተው አካል ብቻ መሆኑ፣ በመልካም ቃል ተነገረኝ። ጴጥሮስ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር፤ በየማታው ሳይደውል በመቅረቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊዛወር ነው። «ባይሆን የተሻለ ሜዳ ነው» አለኝና ሊስቅ ሞከረ። ከአይሱዙው ላይ አሳፍሮኝ እስክንንቀሳቀስ ቆመ።

መንገዱ ያው ነው፤ የጋራው ጀርባ፣ ገደሉ፣ ገመዱ። ኬላው ላይ ሚሊሻው በስሜ ጠራኝ፤ አልዘነጋውም ነበር። ሻንጣዬን ከፍቶ ዘጋው። ሶዶ ስንገባ የባጃጆቹ ጩኸት፣ የአስፋልቱ ልስላሴ፣ ሁሉም የሌላ አገር ሆኖ ተሰማኝ። አስፋው በር ላይ ተቀበለኝ። ጭቃ የጠጣውን ቀሚሴን አይቶ ሻንጣዬን ያዘልኝ። የሆነውን በሙሉ ስነግረው መጨረሻ ላይ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ፤ ከዚያ ደግሞ ያደረገውን አይቶ መልሶ ከፈተው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በር ሲንኳኳ ልቤ ይወርድ ነበር። ለመጽሐፏ ያመጣሁትን ባልደረቦቼ አነበቡት። መሬቱንና ሕዝቡን ወደዱት፤ ሦስተኛው ምዕራፍ፣ አስተዳደሩ፣ እንዲቀር ተስማሙ። አልተጣላኋቸውም፤ ሁሉም ልጆች አሏቸው። ክፍል ውስጥ ግን አስተምረዋለሁ። ስለ ስንጥቅ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ጋራውን እስላለሁ፣ ቤቶቹን እስላለሁ፣ ከዚያ ሰዎቹ ለምን እዚያ እንደሰፈሩ፣ ለምንስ እንዳልተነሱ እጠይቃቸዋለሁ። ልጆቹ ዝም ይላሉ። አንዳንዶቹ ከዚያ አካባቢ የመጡ ናቸው።

ጉዞው ያስተማረኝን በአጭሩ ልናገር ብል፣ ፍርሃት ሰውን ከአደጋ የሚያርቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እዚያ ያየሁት ግን ሰውን ከአደጋው ላይ አስቀምጦ የሚያስር ፍርሃት ነው። የፈራነው ሁላችንም ነን፤ የሞተው አንዱ ነው።

ምርጫው አልፎ፣ ክረምቱም ገብቶ ሳለ አዬ ባሎቴ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ይቆራረጣል። አቶ ሴታ ከሊቀመንበርነቱ ተነስተዋል፤ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ሰዉ የጋራ ግጦሹ ላይ ጎጆ ቀልሷል። ሰርቶ ማሳያውን ሊጎበኝ የመጣ የለም። አዲሱ አመራር መሬቱን አልሰጣቸውም፤ ተነሱም አላላቸውም። ሰዉ ቤቱን አጠገብ ለአጠገብ ሠርቷል፤ የባሳ ሚስት የአዬ ባሎቴ ጎረቤት ናት።

«አሁንስ አትፈሩም፣ አዬ?» አልኳቸው።

«እንፈራለን እንጂ፣ ሚቼ» አሉኝ። «ግን ሜዳ ላይ ሆነን ነው የምንፈራው።»